የትኛው አመክሮ

የወንድሜ ልጅ ግርማ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ሞላሌ ባለው ቤቱ ስልክ በደንብ የሚሰማው እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሚስቱ አስካለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛለች። አማች ሊሆኑን የመጡት አቶ ደምሴ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አብረዋቸው የመጡት ሽማግሌ ከኋላቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ይቀመጡ ቢባሉ ወገቤን ያመኛል ብለው እምቢ አሉ። እኔ ጥግ ላይ መደቡ ላይ ነበርኩ። ከመሐል ሜዳ የመጣሁት በጠዋቱ ሚኒባስ ነው፤ የተጠራሁትም እንድሰማ እንጂ እንድናገር አልነበረም።

የግርማ ልጅ ሰላም አሜሪካ ከገባች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። እዚያ የአቶ ደምሴን ልጅ አገኘች፤ ሊጋቡ ፈለጉ፤ ወላጆች ደግሞ እዚህ እንዲነጋገሩ ሆነ። አቶ ደምሴ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። የእኔ ልጅ ግሪን ካርድ አለው፣ እሷስ በምን ወረቀት ነው የምትኖረው፣ እስቲ ልየው አሉ። ክፋት አልነበረበትም። ሰላምም ሳታቅማማ ያላትን ሁሉ ፎቶ አንስታ ላከች፤ ፓስፖርቷ ላይ የተመታውን ማኅተም፣ ከኮምፒውተር የወጣች አንዲት ገጽ፣ የሥራ ፈቃዷን ካርድ። ግርማ ደብረ ብርሃን ድረስ ወስዶ አስተረጎመው፣ ፎቶዋን አስለጥፎ ማኅተም አስመታበት፣ ወረቀቱ እንዳይጨማደድም በፕላስቲክ አስደርጎ ይዞት መጣ። ኮርቶበት ነበር።

አስካለ ጮክ ብላ አነበበች። «ከላይ ስሟ የተጠቀሰው ግለሰብ በአመክሮ ወደ አገር እንድትገባ የተፈቀደላት ሲሆን፣ አመክሮው የሚያበቃው» ብላ ድምጿ እዚያ ላይ ቆመ።

የቆሙት ሽማግሌ፣ «አመክሮ ያሉት የእስረኛውን ነው?» አሉ።

ግርማ ልጄ ታስራ አታውቅም አለ። ይህንን ነገር ባለፈው ጠይቋት ነበር። «አባዬ፣ አስገብተውኛል እንጂ አልገባሁም ነው የሚሉት አለችኝ። እግሬ ገብቷል፣ በሕጉ ግን አሁንም ደጅ እንደቆምኩ ነው የሚቆጠረው አለች። አልገባኝም። ገብቶኛል ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።»

«እኮ ገብታለች ወይስ አልገባችም?» አሉ አቶ ደምሴ። የቁጣ ድምፅ አልነበረም። የምር ግራ ገብቷቸው ነው። ባርኔጣቸውን ግን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው በእጃቸው ያዙት፤ አስካለም እሱን ነበር የምታየው።

ግርማ ወደ እኔ ዞረ። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት ስለሠራሁ ቤተሰቡ ወረቀት ሁሉ የእኔ ዘመድ ይመስለዋል። «እትዬ፣ እርስዎ ያውቃሉ። የትኛው አመክሮ ነው?»

ይህንን ጥያቄ፣ በእነዚሁ ቃላት፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ተጠይቄ አውቃለሁ። ወዲያው አልመለስኩም። ግርማ ለልጅቷ መልእክት ልኮላት ስለነበር ከሥራ ስትወጣ ትደውላለች፣ እስከዚያ እንጠብቅ ተባለ። አስካለ የተጠበሰ ባቄላ አቀረበች። አንዱም አልተነካም።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ደርግ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ መሐል ሜዳ ከሁለት ልጆች ጋር በተከራየናት ክፍል እቀመጥና ዓርብ ከሰዓት በእግሬ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ቤታችን ጓሳ ከሚባለው ደጋ ሥር ነው፤ ከደጃችን ሽቅብ ሲያዩ ሣሩ ይታያል፤ በኅዳር ሌሊቱን አመዳይ ወርዶበት ሲነጋ ሽበት ያወጣ ይመስል ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ተፈራ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። የገበሬ ማኅበሩ ሱቅ ሠራተኛ ነበር። በቆጠራ ጊዜ ስኳር ጎደለ ተባለ፣ ሦስት ዓመት ተፈረደበት፣ ሩቅ ወኅኒ ወሰዱት። ስኳሩን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱም ነግሮኝ አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሲታሰር ታጭቶ ነበር። ብዙነሽ ትባላለች፤ ከጓሳ ማዶ፣ ከግሼ ናት። አባቷ አቶ ወልዴ ሰው ሁሉ ልጅህን አንሣ ቢላቸው፣ ቃል ሰጥቻለሁ፣ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ አሉ። አባቴ ይህንን ለመጣ ሰው ሁሉ ያወራ ነበር። ሌላ የሚያወራው ደኅና ወሬ አልነበረውም።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ገብስ እየታጨደ ሳለ፣ አንድ በግ ነጋዴ ደብዳቤ አመጣ። ደብዳቤ ብዬ ነው እንጂ ወረቀቱ የእጅ መዳፍ አያህልም ነበር። ቅዳሜ ስለሆነ ቤት ነበርኩ፤ ነዶ የሚከምሩበት ቦታ ጠርተውኝ አነበብኩላቸው። ተፈራ ድሮም ቃል አያባክንም። «አመክሮ ተፈቅዶልኛል። የቀረኝን ጊዜ በአመክሮ እጨርሳለሁ። ብዙነሽን አትጨነቂ በሏት። ሌላውን ስንገናኝ።» ይኸው ነው።

«አመክሮ ምንድነው?» አለች እናቴ።

የነፍስ አባታችን መምሬ ኃይሉ እዚያው ነበሩ። ተፈራ ስለሌለ አጨዳ ሊያግዙን መጥተው ነው። ማጭዳቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ላባቸውን ጠረጉና አስረዷት። ሰው ሊመነኩስ ገዳም ሲገባ ወዲያው ቆብ አይሰጡትም፤ ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየሰበረ፣ አባቶችን እየታዘዘ ይፈተናል፤ ይችላል አይችልም ይታያል፤ ያ ጊዜ አመክሮ ይባላል አሉ።

አባቴ፣ «እስር ቤት ሆኖ?» አለ።

«እግዚአብሔር የማይደርስበት ቤት አለ እንዴ?»

እናቴ አላለቀሰችም፣ እልልም አላለችም። ከሁለቱም ያልሆነ ድምፅ ነው ያወጣችው።

እኔ ሌላ አመክሮ አውቅ ነበር፤ አውቅ ነበር ካልኩት። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን አዲስ ተቀጣሪ ነበር። ተማሪዎች ቶሎ ልቀቀን ሲሉት፣ ተዉኝ እባካችሁ፣ እኔ ራሴ ገና በአመክሮ ላይ ነኝ ይለን ነበር። እና ቀስ ብዬ፣ ምናልባት ሥራ አግኝቶ ይሆናል አልኩ። አባቴ ቀና አለ። የመንግሥት ሥራ? አለኝ፤ ፊቱ ሲፈካ አይቻለሁ። መምሬ ኃይሉ ግን በዝግታ አዩኝ። «ልጄ፣ ስኳር አጎደለ ብሎ ያሰረውን ሰው መንግሥት መልሶ ይቀጥረዋል?» አሉ። ያን ጊዜ እኔም አፈርኩ።

መምሬ ሞኝ ሰው አልነበሩም። ዛሬ ሳስበው ግራ የሚገባኝ አንድ ነገር ይኸው ነው፤ ቃሉን እንደዚያ የተረዱት ስለማያውቁ ነው ወይስ አባቴን ስላዩት? የሌባ አባት ሲባል የኖረ ሰው በአንድ ከሰዓት የመናኝ አባት ሆነ። እስከ ማታ ድረስ መንደሩ ሰማ። ተፈራ በልጅነቱ ዳዊት ሲደግም እንደነበር፣ ጾም ገድፎ እንደማያውቅ፣ አንድ ጊዜ ገዳም ሄጄ ልቅር እንዳለ፣ ሁሉም የየራሱን አስታወሰ። እኔም አስታወስኩ። ወተት አይወድም ነበር፤ ያንንም እንደ ምልክት ቆጠርነው።

በሳምንቱ አቶ ወልዴ በበቅሎ መጡ። ጓሳን በብርድ ስላቋረጡ ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ነበር። ጠላ ቀርቦላቸው አንድ ጊዜ ብቻ ተጎነጩና ደብዳቤውን አንብቡልኝ አሉ። ተጠርቼ አነበብኩ። ደግመሽ አንብቢ አሉኝ፣ ደገምኩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሌባ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አደረጉ።

«አመክሮ የምትለው ይቺ ናት?»

«አዎ።»

«የትኛው አመክሮ ነው?»

አባቴን አየሁት። አጠገቡ የተቀመጡትን መምሬን አየኋቸው። ሁለት ሐሳብ ነበረኝ፤ አንዱንም በትክክል አላውቀውም ነበር። በግ ነጋዴው በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመላለሳል፤ ጽፈን እንጠይቀው ብል የሚከለክለኝ ሰው አልነበረም። ግን ደብዳቤውን ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ሁሉም አፌን ነው የሚያየው።

«የመነኮሳቱ ነው» አልኩ።

ማንም አላስገደደኝም። ይህንን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ።

አቶ ወልዴ ከንፈራቸውን ዳሰሱ። እግዚአብሔር ከጠራው ጋር እኔ አልሟገትም አሉ። ለብዙነሽ የተሰጣትን ቀሚስና ነጠላ በጥንቃቄ አጥፈው በኮርቻው ከረጢት ይዘውት መጥተው ነበር፤ አውጥተው ለእናቴ ሰጧትና በዚያው ቀን ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ብዙነሽ ከጥምቀት በኋላ እዚያው ግሼ ልትዳር ነው ተባለ።

ተፈራ የመጣው የገና ጾም ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እኔም ቤት ነበርኩ። በመጀመሪያ ያዩት ጎረቤታችን እማማ ጥሩ ናቸው። አጥሩ ጥግ ፀሐይ ሲሞቁ ቁልቁል ሲመጣ አዩት። ራሱ ላይ እስረኞች የሚሠሩትን ጥቁር የሱፍ ቆብ አጥልቋል። እማማ ጥሩ ብድግ ብለው እጁን ያዙ።

«አባ ተፈራ፣ ይባርኩኝ።»

«እማማ ጥሩ፣ አሁንም ቀልድዎን አልተዉም» አላቸው።

«ይባርኩኝ እንጂ። ኃጢአቴ ብዙ ነው።»

«ስንት ነው እሱ?»

እማማ ጥሩ የምር መናዘዝ ጀመሩ። የማን ዶሮ እንደሆነ አላስታውስም እንጂ አንዲት ዶሮ ነበረችበት። እሱ እጁን ሊያስለቅቅ ይጎትታል፣ እሳቸው አይለቁም። እኔ በራፍ ላይ ቆሜ አያለሁ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ከዚያ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እኔን ሲያየኝ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ የመነኩሴ አልነበረም።

እናቴ ለብቻው የሱፍ ዝተት አንጥፋ አስቀመጠችው። የገብስ ቆሎና ውኃ ሰጠችው፤ ሌላውን ይበላል አይበላም አላወቀችም። ማንም አቅፎ አልሳመውም። ዙሪያውን አየና፣ «ምን ሆናችሁ? ሰው ሞቷል?» አለ።

አባቴ ነገረው። ተፈራ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቆሎው ትን እስኪለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ተወው።

«ብዙነሽስ?»

እናቴ ወደ ቀሚሱና ነጠላው አመለከተች። ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ነበር።

«ደብዳቤውን ማነው ያነበበው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አልኩ።

ከደረት ኪሱ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። አንብቢ አለኝ። ፎቶው ተለጥፎበት፣ ግማሹ ማኅተም ፎቶው ላይ ግማሹ ወረቀቱ ላይ አርፏል። ከተፈረደበት ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን በመልካም ጠባይ ስለፈጸመ ቀሪውን በአመክሮ ከወኅኒ ውጭ እንዲያሳልፍ ተፈቅዶለታል ይላል። በየሐሙሱ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቀርቦ ይፈርማል፤ ያለ ፈቃድ ከወረዳው አይወጣም፤ ይህንን ወረቀት ከእጁ አይለይም፤ ከእነዚህ አንዱን ቢያፈርስ አመክሮው ይሰረዛል። ማንበቡን ስጨርስ ወረቀቱን ለማን እንደምሰጥ አላወቅሁም።

«ይኸው ነው አመክሮ» አለ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚያው ተነሥቶ ግሼ ሊሄድ ፈለገ። አባቴ ያዘው። ግሼ ሌላ ወረዳ ነው፤ ከጓሳ ማዶ እግሩ ከረገጠ ተመልሶ ወኅኒ ነው። ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄደው ፈቃድ ለመኑ፣ የሚፈቅደው የበላይ አካል ነው፣ እጽፋለሁ፣ መልሱ እስኪመጣ ጠብቁ አላቸው። ጥምቀት ደግሞ አይጠብቅም። ያኔ እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ባዶ እጄን ሄጄ ተሳስቻለሁ ብል ማን ይሰማኛል፤ በወረቀት ያመኑትን በወረቀት ካልሆነ አይተዉትም። ተፈራ ወረቀቱን በፌስታሉ እንደተጠቀለለ እጄ ላይ አስቀመጠው። ቀኑ ሰኞ ነበር። ማክሰኞ ደርሼ ረቡዕ እመለሳለሁ፣ ሐሙስ ይፈርማል ብለን አሰብን።

ወደ ራቤል ከሚሄዱ ሁለት ነጋዴ ሴቶች ጋር ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። በሶ ተሰንቆልኝ ነበር። ወረቀቱን ከቀሚሴ ውስጥ ደረቴ ላይ በመቀነት አሰርኩት፤ በየመቶ እርምጃው እየዳበስኩ ነበር የምሄደው። ጓሳ ላይ ስንወጣ ሣሩ በውርጭ ደርቆ እንደ መስታወት እግራችን ሥር ይሰበር ነበር። ፀሐይ ሲወጣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ እየወጡ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፤ እኛን ቀና ብለው እንኳ አላዩንም። የወረዳው ወሰን የት እንደሆነ ሴቶቹን ጠየቅኋቸው። አንደኛዋ፣ ይቺ ጅባራ የበቀለችበት ጋ ይመስለኛል አለች። ሌላዋ የለም፣ ጅረቱ ነው አለች። ሁለቱንም አለፍን። ፎቶግራፉ ደረቴ ላይ ሆኖ ወሰኑን ሲያልፍ የፎቶው ባለቤት ግን ማለፍ አለመቻሉ ያኔ ገርሞኝ ነበር። አሁንም በደንብ አልገባኝም።

ሴቶቹ ወደ ራቤል ሲያልፉ እኔ ከሰዓት በኋላ አቶ ወልዴ ቤት ደረስኩ። ውኃ ሰጡኝ፣ የባቄላ ቂጣ አቀረቡልኝ፣ እስክጨርስ ምንም አልጠየቁኝም። ከዚያ አነበብኩላቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ማኅተሙን ግን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«መነኩሴ አይደለም።»

«አይደለም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«ጨርሷል?»

«አልጨረሰም።»

«እና ተፈትቷል?»

«ቤት ነው ያለው።»

«የት እንዳለ አይደለም የጠየቅሁሽ፣ ልጄ። ተፈትቷል ወይ ነው።»

የወረቀቱን ቃል ደግሜ አነበብኩላቸው። ከወኅኒ ውጭ እንዲያሳልፍ። አዳመጡ። ጥፋት ከተገኘበት ይወስዱታል? አሉኝ፤ አዎ አልኩ። ጥፋቱ ምንድነው? አሉ፤ አለመፈረም፣ ከወረዳ መውጣት አልኩ። ታዲያ ለሠርጉ እንዴት ሊመጣ ነው? አሉ። ይህንን አላሰብነውም ነበር።

«ለመነኩሴ ልጅ አይዳርም» አሉ። «ለእስረኛ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ ብዬ ነበር፣ ጠብቄያለሁ። ከእስር ወጥቶ ያልተፈታ ሰው ግን ምን እንደሚባል አላውቅም። አሁን ደግሞ ለሌላ ቃል ሰጥቻለሁ።»

ብዙነሽ ይህ ሁሉ ሲባል ምሰሶው አጠገብ ቆማ ነበር። መጥታ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ጽሑፉን አላየችም፤ ፎቶውን ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው።

«ከስቷል» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «የመነኮሳቱ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅሽውም?»

«አልጠየቅሁም።»

ወረቀቱን በታጠፈበት መስመር መልሳ አጠፈችውና ሰጠችኝ። በሚቀጥለው ቀን ጓሳ ላይ ጉም ተኝቶ ወደ መሐል ሜዳ የሚሻገሩት ነጋዴዎች አንሄድም አሉ። ሌላ አንድ ሌሊት አደርኩ። ብዙነሽ ምግብ አቀረበችልኝ፣ አልጋዋን ለቀቀችልኝ፣ ስለ ተፈራ ግን ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ እናቴ ደጅ ቆማ ነበር። ተፈራ ጠዋት ሊፈርም ሄዷል። ሊቀ መንበሩ ወረቀትህን አሳየኝ አለው። ሊቀ መንበሩ የአባቴ አበ ልጅ ነው፤ ተፈራን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። ወረቀቱ የለም ሲለው፣ ማዶ ልኬዋለሁ ማለትም ሲፈራ፣ ሊቀ መንበሩ፣ «ተፈራን አውቀዋለሁ፤ ወረቀት የሌለውን ተፈራ ግን አላውቀውም» አለና የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ቆለፈበት። ስኳሩ ጎደለ የተባለበት መጋዘን ነው።

ሩጬ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ፌስታሉን ፈትቶ ፎቶውን አየ፣ ማኅተሙን አየ፣ ጀርባውን ገልብጦ አየ። የክርስትና ልጁን ፊት በወረቀት ላይ እንደዚያ ሲመረምር ሳይ እሱም የቸገረው መሰለኝ። ከዚያ ቁልፉን አወጣ። ተፈራ ዱቄት ልብሱ ላይ ተነስንሶበት ወጣ፣ ፈረመና ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ።

መንገድ ላይ፣ «ምን አሉ?» አለኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ገደላ ገደሉን ይዘን ወደ ቤት ወረድን።

ብዙነሽ ከጥምቀት በኋላ ተዳረች። ተፈራ ከአምስት ዓመት በኋላ የግርማን እናት አገባ። የአመክሮው ጊዜ ሲያልቅ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄዶ ማለቁን የሚገልጽ ወረቀት ጠይቆ ነበር። ላለቀ ነገር ወረቀት አይሰጥም አለው። እሱም አሮጌውን መያዙን ቀጠለ። ከአራት ዓመት በፊት ሲያርፍ ኮቱን የፈተሽኩት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱ በአራት ተቆራርጦ፣ ፎቶው ደብዝዞ፣ እዚያው ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። ግርማ ምንድነው ብሎ ጠየቀኝ። የድሮ ወረቀት ነው አልኩት።

ሰው ስም የሌለው ቦታ ላይ ሲቆም ያለበትን ቦታ የሚያውቀው እሱ ብቻ ይመስለኛል። እሱም ቢሆን በሙሉ አያውቀውም። እኛ ግን ዳር ሆነን በምናውቀው ቃል እንጠራዋለን፤ መነኩሴ፣ ሠራተኛ፣ እስረኛ። አንድ ሰው ቤቱ ገብቶ አልተፈታም ነበር። ዛሬ ደግሞ የልጅ ልጁ አገር ገብታ አልገባችም። ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ ስለ ቃሉ የጨመርኩት ዕውቀት ይህ ብቻ ነው፤ ብዙ ወረቀት በእጄ ቢያልፍም።

አቶ ደምሴ ባርኔጣቸውን ወደ ጉልበታቸው አልመለሱትም ነበር። ባቄላው ቀዝቅዟል። «ወይዘሮ ዘነበች፣ ዝም አሉ» አሉኝ። «እርስዎ የሚሉትን ልስማና ልሂድ። የትኛው ነው?»

አስካለ አየችኝ። ግርማም ከመስኮቱ ዞሮ አየኝ። የሚፈልጉት አንዲት ቃል ነበር። ያቺን ቃል ብሰጣቸው ያምኑኛል። አቶ ደምሴም ረክተው ይቀመጣሉ።

«አላውቅም» አልኩ። «ልጅቷን ጠይቋት። እስክትነግራችሁ ድረስ ማንም ሰው ስም እንዳያወጣለት።»

አቶ ደምሴ ወረቀቱን እስቲ ስጡኝ ብለው ከአስካለ ተቀበሉ። ሌላውን ሳያዩ ፎቶውን አዩት። መስኮቱ ላይ ስልኩ መንዘር ጀመረ፤ ግርማም አነሣው። እኔ ነጠላዬን ለበስኩ፣ የቆሙትን ሽማግሌ አለፍኩ፣ በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ።